የሰልፍ አዛዧ ሀኒፋ

ሰልፍ ባለበት ሁሉ ማንም ያልሾመው አንድ አዛዥ አይጠፋም። ዳቦ ቤት ይሁን የኤምባሲ ደጅ፣ ሰው ተሰብስቦ መቆም ሲጀምር ይህ ሰው ከመሬት ይበቅላል። ደመወዝ የለውም፣ ማኅተም የለውም፤ "አንተ ባለቆቡ፣ ከኋላ ነበርክ!" የሚልበት ጉሮሮ ግን አለው። ሁላችንም እንጠላዋለን። እሱ የቀረ ዕለት ደግሞ እርስ በርስ እንበላላለን።

ካርቱም ውስጥ እኔን የገጠመችኝ አዛዥ ሴት ነበረች። ክብርት ሀኒፋ፣ የከሚሴ ልጅ፣ ሪያድ ሠፈር የዶክተር ሂሻም የቤት ሠራተኛ፣ ከጦርነቱ ወዲህ ደግሞ የግቢያቸው የውሃ ጉድጓድ ጠቅላይ አዛዥ።

ዶክተሩ ጉድጓዱን ያስቆፈሩት በሰላሙ ጊዜ ነው። የቁፋሮው መኪና ግቢውን በጭቃ አጥለቅልቆ፣ ጎረቤቱን በጩኸት ሲያሰቃይ ሰነበተ። ውሃው ግን ጥርት ያለ ነበር። ፓምፑን ጉድጓዱ ውስጥ አወረዱ፣ ጣሪያው ላይ ሶላር ዘረጉ። ጦርነቱ ሲመጣ ቤተሰቡ ወደ ግብፅ ተሰደደ። የሀኒፋ ፓስፖርት ጊዜው አልፎ ስለነበር እሷ ቀረች። ዶክተሩ ቁልፉን ሲሰጧት አንድ ነገር አደራ አሏት። "ፓምፑን ቀኑን ሙሉ አታሠሪው። የጉድጓዱ ውሃ ሲጎድል አሳርፊው። ውሃ ሳያገኝ ከዞረ ይቃጠላል።"

ብዙም ሳይቆይ የከተማው ቧንቧ ደረቀ። ሀኒፋ የግቢውን በር ከፍታ የውሃውን ጎማ ወደ መንገድ አወጣች።

እኔ ዴም ሠፈር የነበረችኝ ሱቅ ተዘርፋ፣ አርካዊት ሠፈር አንድ ወዳጄ ቤት ተጠግቼ ነበር። ወሬውን ሰምቼ ጀሪካኔን ይዤ ሄድኩ። ሰልፉ መንገዱን ሞልቶ ታጥፏል። አዛዧ ሀበሻ መሆኗን ሳይ ልቤ ሞቀ። ቀጥ ብዬ ወደ ፊት አለፍኩና ድምፄን አለስልሼ "እህቴ፣ የአገር ልጅ ነኝ፤ ነቢዩ እባላለሁ" አልኳት።

"ማን ነህ አላልኩህም" አለችኝ። "ከማን ቀጥሎ ነህ ነው ያልኩህ።"

"አሁን መምጣቴ ነው።"

"ያላ፣ ወደ ኋላ!"

ይህን ፍርድ የቀመስኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። ጎረቤቷ መውላና ኦመር፣ ሠፈሩ ሁሉ ከመቀመጫው የሚነሳላቸው ጡረተኛ ዳኛ፣ መጀመሪያ ዘበኛቸውን በርሜል አስይዘው ላኩ፤ በርሜሉ ባዶውን ተመለሰ። ቀጥሎ የተተኮሰ ጀለቢያቸውን ለብሰው ራሳቸው መጡ።

"ልጄ፣ እኔን ታውቂኛለሽ?"

"እንዴት አላውቅዎትም፣ መውላና! ከእኚያ ሴትዮ ቀጥሎ ነዎት።"

ተሰለፉ። ጎኔ ቆመው በሹክሹክታ፣ "ስንት ዓመት ስፈርድ ኖሬ እንዲህ ያለ ችሎት አላየሁም" አሉኝ።

ቀትር ላይ ፓምፑን ታጠፋለች። ለምን ሲሏት "ሞተሩ ሶላት ላይ ነው" ትላለች። ይለምኗታል፣ ይሰድቧታል፤ ፊቷን አታዞርም። አንዴ አንዲት እናት ሕፃኗን ታቅፋ አለቀሰች። ሀኒፋ ወደ ውስጥ ገባችና ለራሷ መጠጫ ካስቀመጠችው እንስራ ቀድታ አመጣችላት። ሞተሩን ግን አላስነሳችም።

አንድ ቀን የታጠቁ ሰዎች በፒክአፕ በርሜል ጭነው መጡ። እኛ ግድግዳው ላይ ተለጠፍን። እሷ ጎማውን እንደያዘች "ሰልፍ አለ" አለቻቸው። አንደኛው ሳቀ። ሌላው በሰደፍ ገፋትና ወደቀች። በርሜላቸውን ሞልተው ሄዱ። ተነሣች፣ ሻርፗን አስተካከለች፣ "የማን ተራ ነበር?" አለች። ጎማውን ከመሬት አንስታ ወደ ቀጣዩ ጀሪካን አዞረችው። የዚያን ዕለት ማንም አልተጋፋም።

ቆየት ብሎ አርካዊት ውስጥ ሌላ ጉድጓድ ለሕዝብ ተከፈተ። ለእኔ ቅርብ ነው፣ የሚቆጣም የለበትም። እኔ ግን ያንን አልፌ ሪያድ ድረስ እየሄድኩ ሀኒፋ ስትቆጣኝ እውል ነበር። ወዳጄ ምን ነክቶህ ነው ቢለኝ፣ "የዚያኛው ውሃ ይጣፍጣል" አልኩት።

ክረምት ሲገባ ሠፈሩን የወረረው ትኩሳት ሀኒፋንም ጣላት። ሐኪም የለም፣ መድኃኒት ቤቱ ሁሉ ተዘግቷል። ዘመድ ስላልነበራት እኔ አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ እርጥብ ጨርቅ ግንባሯ ላይ አደርግ ነበር። ውጭ ሰልፉን የሚያዘው አልነበረም። ቀትር ሆነ፤ ሞተሩን የሚያሳርፈው ጠፋ። ሁሉም "የኔን ብቻ ልሙላ" ይላል።

ድንገት ዓይኗን ገለጠች። "ድምፁ ተለወጠ" አለች። "አጥፉት፣ ውሃ የለውም!"

ሮጥኩ። ስደርስ የተቃጠለ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይሸታል፤ ጎማው አየር ብቻ ይተፋል። ሰዉ ባዶ ጀሪካኑን ይዞ ቆሟል። ተመልሼ ገባሁ።

"ጠፋ?" አለችኝ።

"ጠፍቷል።"

"እሰይ። ይረፍ" አለችና ዓይኗን ጨፈነች። በማግስቱ ጠዋት አረፈች።

ሴቶቹ ሊያጥቧት መጡ። ውሃ የለም። መውላና ኦመር ቤታቸው ገብተው ማንቆርቆሪያ ይዘው ወጡ፤ ከዚያ የየጎረቤቱን በር ማንኳኳት ጀመሩ። ሰው ለልጁ የደበቀውን ይዞ መጣ፤ በጠርሙስ፣ በኩባያ፣ በጡጦ ሳይቀር። ስትሰድባት የከረመች አንዲት ሴትዮ ድስት በሁለት እጇ አቅፋ፣ እንዳይፈስባት ቀስ እያለች ስትመጣ አየሁ። ወደ መቃብሩ የሚወስደው መንገድ ስለተዘጋ ሠፈሩ ሜዳ ላይ ቀበርናት።

እኔም ከካርቱም ወጣሁ። በገዳሪፍ አድርጌ መተማን ተሻገርኩ፣ ከሚሴ ስደርስ እናቷን ወይዘሮ ሬሕማን አጠያይቄ አገኘሁ። መርዶው ቀድሞኝ ደርሶ ኖሯል። ተቀበሉኝ፣ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

"ልጄ፣ እዚያ ውሃ አይገኝም ይላሉ" አሉኝ። "አጠቧት?"

"አጠቧት፣ እማማ። ውሃውን ጎረቤቱ ከየቤቱ አዋጣ።"

"በቃት?"

"ተረፈ" አልኳቸው።

ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ አለቀስኩ።