«አየሁ» ባዮች

ይህ ነገር ለወግ ይበቃ ይሆን? እንጃ። ግን ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሶ ምንም ሳይታየው «አየሁ» የሚል ሰው ገጥሟችሁ አያውቅም? እኔ አንዷ ነኝ።

ባለፈው ጥር ቦሌ በወሰድነው የማይክሮስኮፕ ሥልጠና፣ የሽንኩርት ሕዋስ አጥርቶ ያላየ ሰው በመሣሪያው ብቻውን እንዲሠራ አይፈቀድለትም። ከፊቴ የነበሩት አንጋፋው ተመራማሪ ጋሽ ታደሰ «ግሩም ነው!» ብለው ተነሡ። ከእሳቸው ቀጥሎ «አልታየኝም» ይባላል? እኔም «በጣም ግሩም!» አልኩ።

አሠልጣኛችን «በሉ ያያችሁትን ሣሉ» አለችን። የታዩኝን ጥቋቁር መስመሮች በጥንቃቄ ሣልኩ።

«የኔ እናት፣ ይሄ እኮ የራስሽ ሽፋሽፍት ነው!» አለችኝ ሥዕሌን አይታ።

ጋሽ ታደሰ ወረቀታቸውን ቶሎ አጣጠፉ።

«እርስዎም ያሳዩኝ እንጂ፣ ጋሼ» አለቻቸው።

«ምኑን ላሳይሽ ልጄ፣ የእኔማ ሽበትም አለው» አሉ።

ሁለታችንም እንደገና ተሰለፍን። ሽንኩርቱን በእውነት አይተን የተፈቀደልን ጥር ሃያ ስድስት ቀን ነው።