በቁማቸው የተጸለየላቸው እትዬ አትጠገብ

ሴትን ማመስገን የሚወድ፣ የሚያመሰግናትን ሴት ግን በመልክ እንኳ የማያውቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ወረታ ላይ፣ የሴቶች ቀን ሲከበር ገጥሞኛል።

አዳራሹ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት እትዬ አትጠገብ የፎገራ ገበሬ ናቸው። በወጣትነታቸው ከባላቸው ሲፋቱ፣ «የሩዙን ማሳ አብሬ አርሜያለሁ፣ አብሬ አጭጃለሁ፤ እኩሌታው የእኔ ነው» ብለው ሽማግሌ ፊት ተሟግተው ወሰዱ። በቀበሌያቸው ከእሳቸው በፊት እንዲህ ያለች ሴት አልነበረችም።

ተናጋሪው ታዲያ ይህንኑ ታሪክ አንስቶ እንባ ተናነቀው። «ስሟ ለተረሳው፣ ዛሬ በመካከላችን ለሌለችው ጀግና ተነስተን የኅሊና ጸሎት እናድርግ!» አለ።

ተነሳን። እትዬ አትጠገብም ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሱና አንገታቸውን ደፉ።

«ማን ሞተ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

«እርስዎ» አልኳቸው።

ሳቃቸው አመለጣቸው። «ኧረ ልጄ፣ አለሁ! ስሜም አትጠገብ ነው!» ብለው ጮኹ።

ሰውዬው ደንግጦ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እናቴ፣ መጀመሪያ ጸሎቱን እንጨርስ!»

የት ይጨረሳል! ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ እኔም በሳቅ ወንበሬን ይዤ ልወድቅ ነበር።

ስንወጣ ልጅ ያዘለች አንዲት ወጣት በሩ ላይ እጃቸውን ያዘች። «እትዬ፣ ነገ ከባሌ ጋር ሽማግሌ ፊት እቀርባለሁ። ማሳው አይገባሽም እያሉኝ ነው። አብረውኝ ይመጣሉ?»

«እመጣለሁ እንጂ!» አሏት እትዬ አትጠገብ። «የሞተ ሰው ምን ሥራ አለበት?»