ለታሳሪ ሾርባ ማን ይቅመስ?

ሰው ቤት ተጋብዛችሁ ሳህኑ ሲቀርብ የቤቱን እመቤት «እስቲ መጀመሪያ አንቺ ቅመሺው» ብትሏት ምን ትላለች? የእኛ ሰፈር ሴት ከሆነች ሳህኑን አንስታ በሩን ታሳያችኋለች። እውነቷን ነው። ይኸው ንግግር ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ሲሆን ግን የደግ ሰው ንግግር ነው። ምግብ ይዞ የመጣ ሰው ፖሊሱ እያየ ይቀምሳል፤ ታሳሪው እንዳይመረዝ ነው። ዘመድ ዘመዱን ይመርዝ እንደሆነ አላህ ይወቅ፤ ብቻ በመንግሥት እጅ የገባ ሰው በደህና እንዲወጣ መጠንቀቅ ምን ክፋት አለው?

እኔን ይህ ደንብ የፈተነኝ በረመዳን ነው።

የእህቴ ባል ሰይድ ኮምቦልቻ ውስጥ በፒካፑ ከባጃጅ ጋር ተጋጨ። በባጃጁ የተሳፈረች ሴት እግሯ ስለተሰበረ ነገሩ እስኪጣራ ያዙት። ሰይድ ስኳር አለበት፤ መርፌውን ተወግቶ ካልበላ ላብ ያጠምቀውና ይወድቃል። ሐኪሙም ሸኻችንም «አንተ ጾም የለብህም» ብለውታል። እህቴ በስጋ የተሠራ የአጃ ሾርባ በፔርሙዝ ሞልታ ሰጠችኝ፤ ከደሴ፣ ከሆጤ ሰፈር ሚኒባስ ይዤ ያንን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ፔርሙዙን እንደ ሕፃን አቅፌ ወረድኩ። ዐስርን እዚያው ሰግጄ ጣቢያው በር ላይ ደረስኩ።

በረኛው ፖሊስ ትሑት ልጅ ነው። ሾርባውን በክዳኑ ቀዳና ዘረጋልኝ።

«ይቅመሱት አባባ።»

«ጾመኛ ነኝ ልጄ።»

«አውቃለሁ። ደንብ ነው።»

«እንግዲያ አንተ ቅመስልኝ።»

«በስጋ እኮ ነው! እኔም ሁዳዴ ይዣለሁ።»

ተያየን። በዚያ ዓመት ሁለቱ ጾሞች ገጥመው በበሩ ግራና ቀኝ አንድም የሚበላ ሰው አልነበረም።

«ቀምሼ ልትፋው?» አልኩ፤ ለችግር ጊዜ ይህ ይፈቀዳል።

«መትፋትማ የሚመርዝ ሰውም ይችላል አባባ።»

እዚህ ላይ ረታኝ።

«ሌሎቹ ፀሐይ ገብታ መግሪብ ሲል ቀምሰው ያስገባሉ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግድግዳው ሥር የተቀመጡትን እያሳየኝ። «እርስዎም ይጠብቁ እንዳልል የእርስዎ ሰው ላብ ላብ እያለው ነው። የሰጠነውን ዳቦም አልነካ። ሐኪም ጠርተናል፤ እስኪደርስ ግን መብላት አለበት።»

ያረቢ! የዚያን ቀን ጥማት ችዬ እዚህ የደረስኩ ሰው ነኝ። ግን አሰብኩት፤ ያጎደልኩትን ቀን ሌላ ጊዜ ጾሜ ቀዷ አወጣለሁ፤ ሰይድ ከሄደ ቀዷ የለውም። ቢስሚላህ ብዬ ዋጥኩ። መጣፈጡ ደግሞ! ጨው እንኳ ቢበዛበት ኖሮ ትንሽ በተጽናናሁ።

ፖሊሱ ይዞት ገባ። ወዲያው ይዞት ተመለሰ።

«አልበላም አለ። ጾመኛ ነኝ ይላል።»

ለካስ ዳቦውም ያልተነካው ለዚህ ነው። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሁሉ ጾመኞች ናቸው፤ ሰይድ በእነሱ ፊት ማኘክ አፍሮ አብሯቸው ሊጾም ቆርጧል። ይሉኝታ ሰው ሲገድል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ለጥቂት ላየው ነበር።

«ጥራልኝ» አልኩ። ፖሊሱ ክንዱን ደግፎ አመጣው። ግንባሩ ርሷል፤ ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ ጤነኛው በልቼ አንተ በሽተኛው ትጾማለህ?»

«በላህ?»

«ዋጥኩ እንጂ! ጠይቀው።»

«በዓይኔ አይቻለሁ» አለ ፖሊሱ፣ ፍርድ ቤት እንደቆመ ምስክር ቀጥ ብሎ።

«ለእኔ ብለህ?» አለኝ ሰይድ።

«ታዲያ ለማን ልበል፣ ለባጃጁ?»

ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ድምፅ አወጣና ደረጃው ላይ ተቀመጠ። የመጀመሪያው ጉንጭ ሲገባ ክዳኑ ከጥርሱ ጋር ይንቃጨል ነበር። ፖሊሱ የስጋውን ሽታ ሽሽት ፊቱን አዙሮ ቆመ፤ ግን በየመሀሉ መለስ እያለ «ይጨምሩ ጋሼ፣ ይጨምሩ» ይለዋል። ሐኪሙ ሲደርስ ሰይድ ስለ ባጃጁ ጥፋት መከራከር ጀምሯል። አልሃምዱሊላህ፣ ድኗል ማለት ነው።

ፀሐይ ሳትገባ ወደ ደሴ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ ሽማግሌ አተኩረው ያዩኛል። ለካ ጺሜ ላይ ሾርባ ደርቋል።

«ሸኽዬ» አሉኝ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ፣ «ረመዳን ኮምቦልቻ አልገባም እንዴ?»

ተሳፋሪው ሳቀ። ማስረዳት ይቻል ነበር፤ ዳገቱም ረጅም ነው። ጺሜን በእጄ ጠረግሁና አብሬያቸው ሳቅሁ።

ሰይድ በልቷል።