ሪባኑ ሳይቆረጥ መኪና አያልፍም

የሦስቱ ጎረቤት አገሮች ምክር ቤቶች የትብብርና የኢኮኖሚ ውህደት የጋራ ንዑስ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ መጋቢት 9
ቦታ፦ የድንበር ኬላው ጉምሩክ ጽሕፈት ቤት፣ ፎቅ ላይ ያለው አዳራሽ (መስኮቱ ወደ ድልድዩ የሚያስገባውን መንገድ ያሳያል)
የተጀመረበት ሰዓት፦ በጥሪው መሠረት ከጠዋቱ 3፡00፣ በተግባር 5፡00

የተገኙ
1. ሰብሳቢ፦ የአስተናጋጇ አገር እንደራሴ። ሁሉንም ነገር «በመርህ ደረጃ» ስለሚስማሙበት ባልደረቦቻቸው ክቡር በመርህ ደረጃ ይሏቸዋል።
2. ከወንዙ ማዶ ያለችው አገር እንደራሴ፣ ቀድሞ ዳኛ የነበሩ ወይዘሮ።
3. የባለወደቧ አገር እንደራሴ፣ ቀድሞ የመርከብ ወኪል።
4. የኬላው ኃላፊ፣ ያለ ድምፅ።
5. ጸሐፊ፦ ነጋዴ፣ ያለ ድምፅ።

ያልተገኙ፦ የኮሚቴው ቋሚ ጸሐፊ። የዜጎችን ነጻ ዝውውር የሚመለከተውን ረቂቅ ስምምነት ይዘው ሲመጡ የመግቢያ ፈቃድ የለዎትም ተብለው ከአውሮፕላን ማረፊያ ተመልሰዋል። ረቂቁ ለብቻው እንዲገባ ተፈቅዶለት ነበር፤ ይዞት የሚመጣ አልተገኘም።

ሦስቱም አገሮች በመወከላቸው ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

ስለ ጸሐፊው አመራረጥ። ጸሐፊው ወደ አዳራሹ የወጣው ተጋብዞ አይደለም። የታላቅ እህቱን ቲማቲም የጫነ መኪና ድልድዩ አፍ ላይ ስለቆመበት ምክንያቱን ሊጠይቅ ነው። ሰብሳቢው «እንኳን መጣህ! የግሉ ዘርፍ ጎድሎን ነበር» ብለው ወንበር ሰጡት። ከተሰብሳቢዎቹ መካከል እስክሪብቶ ይዞ የተገኘው እሱ ብቻ በመሆኑ በዚያው ጸሐፊ ሆኖ ተመረጠ። የኮሚቴው መዝገብ ከቋሚ ጸሐፊዋ ጋር ስለተመለሰ ቃለ ጉባኤው የተያዘው ጸሐፊው የቀን ውሎውን በሚጽፍበት የግል ደብተር ላይ ነው። ለዛሬ ሌላ የሚጻፍ ውሎ አልነበረውም።

አጀንዳ 1፦ አጀንዳ ማጽደቅ

የማዶዋ እንደራሴ አጀንዳ ሳይጸድቅ «አጀንዳ ማጽደቅ» የሚል አጀንዳ ሊኖር እንደማይችል አስገነዘቡ። የባለወደቧ እንደራሴ ይህን ነጥብ ለማንሳትም አጀንዳ እንደሚያስፈልግ ገለጹ። ሰብሳቢው ከሁለቱም ጋር በመርህ ደረጃ ተስማሙ። ከረጅም ውይይት በኋላ አጀንዳ 1 በአጀንዳ 1 እንዲጸድቅ ተወሰነ።

በዚህ መሃል ጸሐፊው መኪናው ለምን እንደማያልፍ ጠየቀ። የኬላው ኃላፊ እንደሚከተለው አስረዱ። እስከ ትናንት ድረስ ማንኛውም መኪና ቀረጡን ከፍሎ ያልፍ ነበር። ለነጻ ንግዱ ምረቃ ሲባል ግን ትናንት ከድልድዩ ግራ ብረት እስከ ቀኝ ብረት ቀይ ሪባን ተወጥሯል። ፖሊስም ይጠብቀዋል። «ቀረጥ ልቀበልህ አልችልም፣ ከዛሬ ጀምሮ ነጻ ነው። ነጻ ነው ብዬም ላሳልፍህ አልችልም፣ ገና አልተመረቀም» ሲሉ አጠቃለዋል።

ጸሐፊው እንግዲያው ሪባኑ አሁኑኑ ተቆርጦ ስብሰባው ከዚያ በኋላ እንዲቀጥል ሐሳብ አቀረበ። ሰብሳቢው በመርህ ደረጃ ተስማምተው፣ የሪባኑ ጉዳይ አጀንዳ 3 መሆኑንና አጀንዳው መጽደቁን አስታወሱት።

አጀንዳ 2፦ ያለ ቀረጥ የሚያልፉ ዕቃዎች

ሰብሳቢው አገራቸው ከስኳር በስተቀር ሁሉንም ዕቃ በነጻ ለማስገባት ዝግጁ መሆኗን በኩራት ገለጹ። ስኳር የሚመረተው ከወንዙ ማዶ ነው። የማዶዋ እንደራሴ በበኩላቸው አገራቸው ከአትክልት በስተቀር ሁሉንም እንደምትቀበል ተናገሩ። አትክልት የሚበቅለው ከወንዙ ወዲህ ነው። የባለወደቧ እንደራሴ አገራቸው ከስኳርና ከአትክልት በስተቀር በሯን ለሁሉ ከፍታለች ሲሉ፣ ሁለቱ ባልደረቦቻቸው ወዲያውኑ ጨውና ዓሣ ከዝርዝሩ እንዲወጡላቸው ጠየቁ።

ጸሐፊው ከወንዙ ማዶ ባለው ገበያ ቲማቲም እንደሌለ ከደንበኞቹ መስማቱን ጠቅሶ፣ አገሪቱ ከውጭ ዕቃ ውድድር የምትጠብቀው የራሷ ምርት የቱ እንደሆነ ጠየቀ። የማዶዋ እንደራሴ «ለዚህ እኮ ነው የምንጠብቀው! ብዙ ቢሆን ኖሮ ምን ጥበቃ ያስፈልገው ነበር?» ሲሉ መለሱ። የባለወደቧ እንደራሴ «አቤት የዳኛ መልስ!» አሉ። አድናቆት ይሁን ሌላ ለመለየት አልተቻለም።

ከረጅም ውይይት በኋላ ሦስቱም አገሮች የማያመርቷቸውና የማይፈልጓቸው ዕቃዎች ማለትም የበረዶ መጥረጊያ መኪናና የዓሣ ነባሪ ዘይት ከዛሬ ጀምሮ ያለ አንዳች ቀረጥ እንዲዘዋወሩ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ስኳር፣ አትክልት፣ ጨውና ዓሣ ግን ጥናት እስኪጠናቀቅ ድረስ በቀረጥም ሆነ ያለ ቀረጥ እንዳያልፉ ተወሰነ። ተጨበጨበ። ጸሐፊው እጁ በእስክሪብቶ ስለተያዘ አላጨበጨበም።

በጭብጨባው መሃል ሾፌሩ ለጸሐፊው ደወለ። «ጋሼ፣ ከሸራው ሥር ውሃ መንጠባጠብ ጀምሯል። ፖሊሱ ‹ከቸኮልክ ጎንበስ ብለህ በሪባኑ ሥር እለፍ› ይለኛል። እኔስ ልለፍ፣ መኪናው እንዴት ጎንበስ ይበል?» ሰብሳቢው ስልኮች እንዲዘጉ አሳሰቡ።

የምሳ ዕረፍት። ማካሮኒ በቲማቲም ስጎ ቀረበ። የባለወደቧ እንደራሴ ስጎውን አደነቁ። የኬላው ኃላፊ ስጎው የቆርቆሮ እንደሆነ፣ ከባሕር ማዶ ካለች ሩቅ አገር በድሮ ውል ያለ ቀረጥ እንደሚገባ አስረዱ። ሪባኑም ከዚያችው አገር የመጣ ነው። ጸሐፊው ማካሮኒውን ያለ ስጎ በላ።

አጀንዳ 3፦ የሪባኑ አቆራረጥ

የባለወደቧ እንደራሴ «ባሕር የሁሉ በር ነው፤ ስለዚህ መቀሱን አስቀድሜ የምይዘው እኔ ነኝ» አሉ። የማዶዋ እንደራሴ ወንዙ የሚነሳው ከእሳቸው አገር መሆኑን፣ ወንዝ ባይኖር ባሕሩ ከየት ይሞላ እንደነበር እንዲያስቡበት መከሩ። የባለወደቧ እንደራሴ «ወይዘሮ፣ ያ ወንዝ እኮ እኛ ባሕር ሳይደርስ ነው አሸዋ የሚውጠው!» ሲሉ፣ እንደራሴዋ «እንደ እርስዎ ቃል ኪዳን ነዋ!» አሉ። ሰብሳቢው ሁለቱም አባባሎች ከቃለ ጉባኤው እንዲሰረዙ አዘዙ። ጸሐፊው ከየትኛው ላይ መጀመር እንዳለበት ሳይነገረው ቀረ።

ሦስቱም በአንድ ጊዜ እንዲቆርጡ ሐሳብ ቀረበ። ለዚህ ሦስት መቀስ ያስፈልጋል። የተገኘው ግን አንድ ነው። የባለወደቧ እንደራሴ ይዘውት የመጡት ወርቅ ቅብ መቀስ ስለታም መሣሪያ ተብሎ በአውሮፕላን ማረፊያ ተወስዶባቸዋል። ሪባኑ በእጅ እንዲበጠስ የቀረበው ሐሳብ ለክብር አይመጥንም ተብሎ ወደቀ። የማዶዋ እንደራሴ ሩጫ እንደሚጨርስ ሯጭ መኪናው ራሱ ሪባኑን በደረቱ በጥሶ እንዲያልፍ ሐሳብ ሲያቀርቡ ጸሐፊው ከመቀመጫው ተነስቶ ደገፈ። ድምፅ እንደሌለው ተነግሮት ተቀመጠ። ሰብሳቢው በመርህ ደረጃ ቢስማሙም፣ የውህደት ታሪክ ፎቶ ላይ የቲማቲም መኪና መታየቱ እንደማያምር ገለጹ። በተጨማሪም በአጀንዳ 2 መሠረት ቲማቲም ማለፍ አይችልም።

ከዚህ በኋላ የተባለው ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ስለሆነ አልተመዘገበም።

በዚህ ጊዜ የጸሐፊው እህት ደወሉ። ጸሐፊው ወደ መስኮቱ ጠጋ ብሎ አነጋገራቸው።

«አንተ፣ እነዚያ ሰዎች አሁንም እያወሩ ነው?»

«ሊጨርሱ ነው እትዬ።»

«በሬዲዮ ‹ድንበሩ ሊከፈት ነው› ሲሉ ሰምቼ እኮ ነው ማሳውን በሙሉ ቲማቲም ያደረግሁት! ይሄ ከበሰበሰ ለክረምት የምዘራው የለኝም፣ ታውቃለህ።»

«ትንሽ ታገሺ።»

«እኔማ ታግሼ ኖሬያለሁ። ቲማቲሙን ታገስ በለው!»

ጸሐፊው ወደ ቦታው ሲመለስ፣ ከረጅም ውይይት በኋላ የመቀስ አያያዝን የሚያጠና ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ እንዲቋቋም፣ ሪፖርቱ እስኪቀርብም ሪባኑ እንደተወጠረ እንዲቆይ ተወስኖ ቆየው።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

ጸሐፊው የግሉን ዘርፍ ወክሎ ጥቂት እንዲናገር ጠየቀ። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አይተው ፈቀዱ።

ጸሐፊው በመጀመሪያ ኮሚቴውን አመሰገነ። ቀጥሎም አንድ ስጋት እንዳለው ገለጸ። ኮሚቴው ዛሬ ብዙ ወስኗል። ዕቃው ተለይቷል፣ ለሪባኑም ኮሚቴ ተቋቁሟል። በዚሁ ከጸደቀ ለሚቀጥለው ስብሰባ ምን ይቀራል? በባለወደቧ አገር የባሕር ዳርቻ፣ ለእንደዚህ ያለ ጉባኤ የሚመች ሆቴል እንዳለ ሰምቷል። ጉዳዩ ከሥሩ እንደገና የሚታይ ከሆነ ግን እዚያ ሳምንት ተቀምጦ መምከር ግድ ይሆናል።

ከጠዋት ጀምሮ ሦስቱም እንደራሴዎች በአንድ ጊዜ ቀና ያሉት አሁን ነው።

የማዶዋ እንደራሴ «ውሳኔ ካለ ስብሰባ የለም እያልከን ነው?» ሲሉ ጠየቁ። ጸሐፊው «እኔ ነጋዴ ነኝ ክብርት፤ ዕቃው ካለቀ ሱቁ ይዘጋል፣ እሱን ነው የማውቀው» ሲል መለሰ። የባለወደቧ እንደራሴ የሆቴሉ መስኮቶች በሙሉ ወደ ባሕር እንደሚመለከቱ ለኮሚቴው መረጃ ሰጡ። ሰብሳቢው ተስማሙ። «በመርህ ደረጃ» አለማለታቸው ተመዝግቧል።

ያለ ምንም ውይይት የሚከተለው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፦

ሀ) የአጀንዳው መጽደቅ ጭምር ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዳልተወሰነ ይቆጠራል።
ለ) የነጻ ንግዱ ምረቃ ላልተወሰነ ጊዜ ተላልፏል፤ ሪባኑም ይነሳል።
ሐ) እስከዚያው በኬላው የቀድሞው አሠራር ይቀጥላል።

የኬላው ኃላፊ የመጨረሻው ፊደል እስኪነበብ አልጠበቁም፤ ከመስኮቱ ወደ ፖሊሱ ጮኹ። ፖሊሱ ሪባኑን ፈትቶ በክንዱ ላይ እንደ ክር ጠቀለለ። ሰብሳቢው ገና ያልተቆረጠ ስለሆነ ለሚቀጥለው እንዲያገለግል በላስቲክ ተሸፍኖ እንዲቀመጥ መመሪያ ሰጡ።

የጸሐፊው እህት ሁኔታው ተነግሯቸው፣ ከሥር የተጨፈለቀውን ጥሎ የላይኛውን መሸጥ እንደሚቻልና ከቀረው የክረምቱ ዘር እንደሚወጣ ገለጹ። ስለ ኮሚቴው የተናገሩት ከአጀንዳ ውጭ በመሆኑ አልተመዘገበም።

ከመበተኑ በፊት ሰብሳቢው «በኮሚቴው ጥረት አንድ የጭነት መኪና ድንበር ተሻግሯል» የሚል ዓረፍተ ነገር ለሪፖርት እንዲሆን እንዲጨመር ጠየቁ። ጸሐፊው አሰበበት፤ እውነት ሆኖ ስላገኘው ጨመረው።

ስብሰባው ከቀኑ 10፡30 ላይ ተበተነ። የሦስቱ እንደራሴዎች ፊርማ ከዚህ በታች ይገኛል። የጸሐፊው ፊርማ በቀረጥ ደረሰኙ ላይ ነው።