በካርታው ላይ የሞላው ኩሬ

ለሥራ ቅልጥፍና ሲባል በዓይን ማየት ቀርቶ በስክሪን ማየት በተጀመረበት ዓመት፣ የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ አቶ ባስልዮስ የሳተላይት ካርታ የተጫነበት ታብሌት ተረከቡ። ከዚያ ወዲህ እኚህ ትጉህ ሰው መስኮት ከፍተው አያውቁም። ዝናብ መጣሉን እንኳ የሚያምኑት ታብሌቱ ሲያረጋግጥላቸው ነው።

አንድ ማለዳ አርብቶ አደሩ ኦቦ ዳባሶ ቢሯቸው ገቡ።

«ናጋ ነው? ሰላም ነው? ኩሬያችን ደርቋል፤ ከብቱ ሊያልቅ ነው። የውሃ ቦቴ ይላኩልን።»

አቶ ባስልዮስ በትሕትና ስክሪኑን አዞሩላቸው። «ይኸው፣ ሰማያዊ ነው። ጥልቀቱ ሦስት ሜትር። መረጃ አይዋሽም።»

«እኔስ እዋሻለሁ?»

«ኧረ እርስዎስ አይዋሹም። ግን የሚያዩት ከምድር ሆነው ነው።»

ይህ ጥልቅ አባባል ሽማግሌውን አላረካቸውም። በሦስተኛው ሳምንት፣ ሁለት ላም ከሞተባቸው በኋላ፣ ቢሮው በር ላይ ተቀምጠው አልነሳም አሉ። ባለሙያውም የሽማግሌውን ዓይን ለማረም አብረዋቸው ሄዱ።

የኩሬው ወለል ተሰነጣጥቋል። አቶ ባስልዮስ ዓይናቸውን ከታብሌቱ ሳይነቅሉ ወደ መሃል አመሩ፤ ሰማያዊው ሲጀምር ቆም ብለው ሱሪያቸውን ሰበሰቡ።

«ዋና ይችላሉ?» አሉ ኦቦ ዳባሶ ከኋላ።

ያን ጊዜ አቶ ባስልዮስ ቀና አሉ። ዳር የቆሙትን ከብቶች፣ ቆዳቸው ላይ የሚቆጠረውን ጎድን አዩ። በራሳቸው አፈሩ። ወዲያው የዞን አለቃቸው ለሆኑት ለወይዘሮ ሃያት ደወሉ።

«ኩሬው መሃል ነኝ፤ ነገሩ ከባድ ነው፣ ቶሎ ድረሱ...»

ኔትወርኩ ተቋረጠ።

ወይዘሮ ሃያት በራሳቸው ስክሪን ላይ ተመለከቱ። የባልደረባቸው ታብሌት ያለበትን የምታሳየው ምልክት ሦስት ሜትር ውሃ ውስጥ ትታያለች፤ አትንቀሳቀስም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቦቴ ያጣው ዞን፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ዋናተኞችና ታንከሩ እስከ አፉ የሞላ የእሳት አደጋ መኪና አደረሰ።

ዋናተኞቹ በቁምጣ ወርደው አቧራው ላይ ቆሙ። ኦቦ ዳባሶ ግን ጊዜ አላባከኑም፤ ቱቦውን ወደ ከብቶቹ መጠጫ ገንዳ አስዞሩ። ከብቶቹ እስኪበቃቸው ጠጡ።

በማግስቱ ሪፖርት ተጻፈ፦ «ሰጥሞ የነበረው ባልደረባችን በተቀናጀ ርብርብ ከሞት ተርፏል። ኩሬው ሙሉና አደገኛ ስለሆነ አጥር ይሠራለት።» አቶ ባስልዮስ እስክሪብቶ ይዘው ጥቂት አመነቱ፤ ከዚያ መትረፋቸውን አረጋግጠው ፈረሙ።

በሳምንቱ ኦቦ ዳባሶ ተመልሰው መጡ። የቦቴን ነገር አላነሱም።

«ናጋ ነው፣ አቶ ባስልዮስ? ከብቱ ጠምቶታል» አሉ በአክብሮት ዝቅ ብለው። «እንደው ዛሬ ጊዜ ካለዎት፣ ብቅ ብለው አይሰጥሙልንም?»