ቤቱስ ኢንሹራንስ አለው፤ ኮቴስ?

ተከራይ የሆነ ሰው አንድ እንግዳ ጠባይ አለው። ጣሪያው ሲያፈስ «የባለቤቱ ነው» ይላል፤ ግድግዳው ሲሰነጠቅም «የባለቤቱ ነው» ይላል። እንዲህ እያለ ሲኖር፣ ከጣሪያው በታች ያለው አልጋ የማን እንደሆነ ይረሳዋል።

እኔም በጃንሆይ ዘመን የአማርኛ አስተማሪ ሆኜ ነቀምት ስመደብ ይኸው በሽታ ነበረብኝ። የተከራየሁት ከቡና ነጋዴው ከኦቦ ዲንሳ ነው። ኦቦ ዲንሳ ገዘፍ ያሉ፣ በገዛ በራቸው ጎንበስ ብለው የሚገቡ፣ ነገርን ሦስት ጊዜ ሳይጠይቁ የማይቀበሉ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ከአዲስ አበባ የኢንሹራንስ ወኪል መጣና ሦስት ጊዜ ተጠይቆ፣ ሦስት ጊዜ መልሶ፣ ቤታቸውን ለእሳት አደጋ ኢንሹራንስ አስፈረማቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ለተከራይ ዕቃም ውል እንዳለ፣ የአከራይ ኢንሹራንስ የእኔን ዕቃ እንደማይመለከት አስረዳኝ። ሳቅሁበት። ቤቱ ከተጠበቀ እኔ ሜዳ ላይ ነኝ እንዴ? ደግሞስ አንድ ደሞዝተኛ ምን ዕቃ አለው?

በዚያው ሰሞን ደግሞ ልቤ እዚያው ወለጋ፣ ሲሬ ከተማ ነበር። እዚያ ክሊኒክ የምትሠራ ለሊሴ የምትባል ልጅ ወድጄ፣ አባቷ ኦቦ ጉተማ «ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ራሱን ልየው» ብለው ለቅዳሜ ቀጥረውኛል። ጎረቤቴ በላይ፣ ጎጃሜው ልብስ ሰፊ፣ ግራጫ ኮት ሰፍቶልኝ ክፍሌ ውስጥ ተሰቅሏል።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ በላይ የከሰል ካውያውን ሱሪ ላይ እንዳስቀመጠ አንድ ወዳጁ በደጅ አለፈ። «አካም ጅርታ?» ተባባሉ። የወለጋ ሰላምታ ደግሞ ራስን ጠይቆ አያበቃም፤ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ፣ ላሞቹ ሁሉ በየተራ ደኅና መሆናቸው ይጣራል። ላሞቹ ደኅና መሆናቸው ሲረጋገጥ እሳቱ ከሱሪው ተነሥቶ ኮርኒሱን ይዞ ወደ እኔ ክፍል ተሻግሯል።

እኔ በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤት ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ ምን እያስተማርሁ መሰላችሁ? ተረትና ምሳሌ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ላብራራ ስል ነው ሰው የጠራኝ።

ሮጬ ስደርስ ጎረቤቱ ሁሉ ተረባርቧል። ደግነታቸውን አልረሳም። ግን ከክፍሌ ምን አወጡልኝ? አንድ ብርቱ ጎልማሳ ጭሱን ሰንጥቆ ገብቶ፣ ውሃ የሞላውን ባልዲዬን አንዲት ጠብታ ሳያፈስ አውጥቶ ዛፍ ሥር አስቀምጦልኛል!

ወኪሉ በማግሥቱ መጥቶ የኦቦ ዲንሳን ጉዳት መዘገበ። «የእኔስ?» አልሁት። «መምህር፣ እርስዎ ከቤቱ ጋር አልተገነቡም» አለኝ በትሕትና። ተቀምጬ የጠፋብኝን ባስታውስ፣ አልጋው፣ ፍራሹ፣ ብርድ ልብሱ፣ ራዲዮኑ፣ መጻሕፍቴ፣ ኮቱ... ሀብታም እንደነበርሁ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ለቅዳሜው ኦቦ ዲንሳ ራሳቸው የክት ኮታቸውን አለበሱኝ። «ያ በርሲሳ፣ ትንሽ ሰፋ ይላል እንጂ ያምርብሃል» አሉኝ። በርሲሳ መምህር ማለት ነው፤ ትንሽ ያሉት ግን ምን ማለት እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። ሲሬ ደርሼ ኦቦ ጉተማን ስጨብጥ እጄን እጅጌው ውስጥ ፈልገው ነው ያገኙት።

«ኮቱ የማነው?» አሉኝ ገና ሳልቀመጥ።

ልዋሽ አሰብሁ። አልቻልሁም፤ ኮቱ ራሱ ይናገራል። «የአከራዬ ነው» አልሁ።

«ሱሪውስ?»

«የሥራ ባልደረባዬ።»

«ጫማውስ?»

«ጫማው የራሴ ነው። ቤቱ ሲቃጠል እግሬ ላይ ስለነበር ተረፈ።»

ለሊሴ አንገቷን ደፋች። አፍራብኝ መስሎኝ መሬቱ ቢውጠኝ በወደድሁ፤ ለካ ሳቋን እየታገለች ነው። ኦቦ ጉተማ የእሳቱን ነገር እስከ ባልዲው ድረስ ካስነገሩኝ በኋላ የሳቅ እንባቸውን ጠረጉ። «ሌላው አምሮ ይመጣና ጉዱ ከሰርግ በኋላ ይወጣል፤ ያንተ ግን ቀድሞ ወጣ። ሽማግሌዎችህን ላክ» አሉኝ።

ተጋባን። ሌላ ቤት ስንከራይ፣ አልጋው ሳይዘረጋ ወኪሉን ፈልጌ ለዕቃችን ኢንሹራንስ ገባሁ። ይኸው ዓመት በዓመት አድሳለሁ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አንዲት ማንኪያ አልጠፋችብንም። ለሊሴ ግን ውሉን ባደስሁ ቁጥር፣ እኔ መርጬ የገዛሁትን በሩ የማይዘጋ ቁም ሳጥን ትክ ብላ ታየውና በረጅሙ ትተነፍሳለች፦

«ዘንድሮም ሳይቃጠል!»