ሲ ቱሃሚን የጀልባ ሰዓት የጠየቀ ሰው

በባሕር ጠርዝ ላይ የተቆረቆረ ትንሽ ከተማ የትም ይሁን የት ሦስት ነገር አያጣም፤ ድመት፣ ዝገት፣ እና ማንኛውንም ነገር ከሥሩ ካልጀመረ መናገር የማይሆንለት አንድ ሽማግሌ። ድመቱንና ዝገቱን ትለምዳቸዋለህ። ሽማግሌውን ግን አትለምደውም፤ በየቀኑ አዲስ ነገር ይጨምርበታላ።

የእኛ ከተማ የቡርጅ ሐልፋው ሽማግሌ ሲ ቱሃሚ ይባላሉ፤ 'ሲ' በእኛ ዘንድ 'አቶ' ማለት ነው። ሊቀ ሊቃውንት፣ የታሪክ አባት፣ የወደቡ ቡና ቤት የበራፍ አምባሳደር። ማንም አልሾማቸውም። ዕድሜያቸውን በበረዶ ፋብሪካው ሲሠሩ ኖረው፣ ፋብሪካው ሲዘጋ የተቀመጡበትን ወንበር ይዘው መንገዱን ተሻገሩና ቡና ቤቱ በር ላይ አስቀመጡት። ወንበሩ የፋብሪካው ንብረት ነው፤ እስካሁን የጠየቃቸው የለም። ቢጠይቃቸውም ወንበሩ ከየት አገር እንጨት እንደተሠራ ሳይሰማ አይሄድም።

የጽሕፈት መሣሪያ ሱቄ ከቡና ቤቱ ፊት ለፊት ስለሆነ ሁሉን አያለሁ። አንድ ቀን ከዋና ከተማ የመጣች ሴት ፖስታ ቤቱ የት እንደሆነ ጠየቀቻቸው። "ከሥሩ ካልጀመርን አይገባሽም፣ ልጄ" አሏት። ፖስታ ቤቱ ድሮ የጨው መጋዘን እንደነበረ፣ ከዚያ የፈረስ ጋጣ እንደሆነ፣ ፈረሶቹም በጨው ሽታ የተነሣ ምን ያህል ውሃ ይጠጡ እንደነበር ነገሯት። የዛሬው ፖስታ ቤት ጋ ሲደርሱ ፖስታ ቤቱ ተዘግቷል። ሲዘጋ ደግሞ ድምፁን ሰምታዋለች፤ ፖስታ ቤቱ ከቡና ቤቱ ጎን ነው፣ የቆመችውም በሩ ላይ ነበር።

ዳቦ ቤቱ ተከፍቷል ወይ ብሎ የጠየቃቸው ሰው፣ የመጀመሪያው ጋጋሪ እርሾውን በባርኔጣው ይዞ ከማልታ እንደመጣ አውቆ፣ ዳቦ ሳይገዛ ወደ ቤቱ ይገባል። መንገድ ሲያመላክቱማ አያድርስ ነው። "ከበረዶ ፋብሪካው ወደ ቀኝ ታጠፍ" ይላሉ። ፋብሪካው ፈርሶ መድኃኒት ቤት ተሠርቶበታል። የባለቤቴ እኅት ቤት ቧንቧ ፈንድቶ የተጠራው ቧንቧ ሠራተኛ ግማሽ ቀን ሙሉ የበረዶ ፋብሪካ ሲፈልግ ዋለ፤ ምንጣፏ እስከዛሬ አልደረቀም።

ታሪኩን ሲናገሩ ሰምቼ የማላውቀው ጤና ጣቢያውን ብቻ ነው። የት እንደሆነ ስትጠይቃቸው "ከመስጊዱ ግራ" ይሉሃል፤ አለቀ። ቤቱ አዲስ ስለሆነ የሚወራ ነገር አላገኙለትም ብዬ ትቼው ነበር።

ባለፈው ክረምት ከጤና ቢሮ ሲ ረዑፍ የሚባል ሰው መጣ። ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ድምፁ ለስለስ ያለ፣ ሰው የማያስቀይም ሰው ነው። የመጣው ግን የጤና ጣቢያውን የማታ አገልግሎት ሊያስዘጋ ነው። ማታ ማታ ብቻዋን የምታድረው ነርስ ናጂባ ማዶ ወዳለው ትልቅ ከተማ ትዛወራለች፣ በሩም ፀሐይ ስትጠልቅ ይቆለፋል። ምክንያቱን ሲያስረዳ፣ ጀልባ አለ፣ ባሕረ ሰላጤውን ለመሻገር አንድ ሰዓት እንኳ አይፈጅም፣ ማታ የታመመ ሰው ተሻግሮ ትልቁ ሆስፒታል ይታከማል አለ። በጨው ሜዳው ላይ የሚያልፈው መንገድ ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ ውሃ ውስጥ መሆኑን ነገርነው። "ለዚህ እኮ ነው ጀልባ ያለው" አለን። ናጂባ ሁሉን ቆማ አዳመጠች። ከእኛ እርጉዝ ያላቸውም፣ ሽማግሌ አባት ያላቸውም እርስ በርስ ተያዩ።

ሥራውን ጨርሶ ወደ ወደቡ ሲወርድ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን የጀልባ ሰዓት አነበበ፤ አሥር ሰዓት ተኩል ይላል። ያንን ጽሑፍ ቀለሙ ስለሚያምር እንጂ የሚያምነው ኖሮ አይደለም ያልደመሰስነው። የእኛ ባሕር በየቀኑ በተለያየ ሰዓት ይሸሻል። ውሃው በወደቡ አፍ ላይ ካለው ጥቁር ድንጋይ ወገብ በታች ከወረደ የጀልባዋ ሆድ ጭቃ ይነካል፤ ስለዚህ ካፒቴኑ የሚያየው ድንጋዩን ነው። ሲ ረዑፍ ግን ጠንቃቃ ሰው ነውና ለማረጋገጥ ፈለገ። ለማረጋገጥም በር ላይ የተቀመጡትን ሽማግሌ ጠየቀ።

"ሐጅ፣ ጀልባው በሰዓቱ ነው የሚነሣው?"

"ከሥሩ ካልጀመርን አይገባህም፣ ልጄ። ይህ ወደብ መጀመሪያ ወደብ አልነበረም።"

የቡና ቤቱ ባለቤት ሊነግረው አፉን ከፍቶ ነበር፤ ግን ሲ ቱሃሚ ከጀመሩ በኋላ ማን ደፍሮ ይገባል? ደግሞም ይነግሩታል ብለን ነው። በሐቅ እንመስክር ከተባለ እሳቸውም ሊነግሩት ነበር። ከባሕር ሥር ስፖንጅ ይለቅሙ የነበሩትን ጠላቂዎች ነገሩት። ጭቃውን ሊያወጣ መጥቶ እዚያው ጭቃው ውስጥ የሰጠመውን መርከብ ነገሩት። በዘንባባ ቅርንጫፍ የታጠሩትን የዓሣ ወጥመዶች በየባለቤቱ ስም ጠሩለት። መሐል ላይ የጀልባዋ ጡሩምባ ሲነፋ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙት። ሲጨርሱ ጣታቸውን ወደ ጥቁሩ ድንጋይ ቀስረው፣ "ስለዚህ ዛሬ ጀልባው የሚነሣው በዘጠኝ ሰዓት ነው" አሉት።

ሲ ረዑፍ የእጅ ሰዓቱን አየ። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ቆይቷል። ጀልባዋ ርቃ ጭሷ ብቻ ይታያል።

"ምነው ሐጅ፣ ይህን መጀመሪያ ቢነግሩኝ?"

"መጀመሪያውንማ ነገርኩህ" አሉ ሲ ቱሃሚ፣ ከልባቸው ግራ ገብቷቸው።

በእኛ ዘንድ ሰውን ጀልባ ያስመለጠ እራት ያበላዋል፤ ያሳድረዋልም። በዚህ ሕግ የተነሣ ሲ ቱሃሚ ያላበሉት የባሕር ዳርቻ ሰው ጥቂት ነው። ኩስኩሱን የምትሠራው አብራቸው የምትኖረው እኅታቸው ላላ ወሲላ ናት፤ 'ላላ' ማለት 'ወይዘሮ' ነው። ማማረሯን ትታዋለች፤ ሁልጊዜም ለአንድ እንግዳ የሚበቃ ጨምራ ትሠራለች። እኔም እንግዳውን እንዳጫውት ተጠርቼ ሄድኩ፤ ለማጫወት ግን ተራ አላገኘሁም።

ፀሐይ ስትጠልቅ ማዕዱ ቀረበ፤ ኩስኩስ በዓሣ። ሲ ቱሃሚ ስለ ዓሣው ዘር ማንዘር እያወሩ ሳለ ሲ ረዑፍ በድንገት ማንኪያውን ጣለ። እጁን ጉሮሮው ላይ አደረገ፤ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። አጥንት። እኔ ደረቅ ዳቦ ዋጥ ያድርግ አልኩ፣ ላላ ወሲላ ዘይት አለች፣ ጎረቤት ገብቶ ጀርባውን ሊመታው ተዘጋጀ። ሲ ቱሃሚ ተነሡ። አሁን ደግሞ መጀመሪያ በዓሣ አጥንት የታነቀውን ሰው ታሪክ ሊነግሩን ነው ብዬ ተስፋ ቆረጥኩ።

"ተነሥ፣ ተከተለኝ" አሉት።

ሌላ ምንም አልጨመሩም። ክንዱን ይዘው በአንድ እግር ጫማ ብቻ ሮጡ። እኚህ ሰው ሲሮጡ ያየ በከተማው ውስጥ አልነበረም፤ ሰው ከየበሩ ብቅ አለ። ጤና ጣቢያው ስንደርስ ናጂባ መብራቱን አብርታ ገና ነጭ ልብሷን እየቆለፈች ነበር። ወንበር ላይ አስቀመጠችው፣ አፉን አስከፈተችው፣ ቀጭኑን መቆንጠጫ አስገባች፣ አወጣችው። አጥንቱን በፋሻ ላይ አስቀምጣ ፊቱ አቀረበችለት።

"ጀልባው ጠዋት አለ" አለችው በትሕትና። "ከፈለጉ እስከዚያ መጠበቅ ይችሉ ነበር።"

ሲ ረዑፍ ጉሮሮውን እያሻሸ አንገቱን ደፋ። ዓይኖቹ እንባ አቅርረው ነበር፤ ከአጥንቱ ይሁን ከሌላ እንጃ። ጠዋት ሲሳፈር ፋሻውን ከነአጥንቱ በኪሱ ይዞ ሄደ። በጸደይ ላይ የማታ አገልግሎቱ እንደሚቀጥል ተነገረን፤ ናጂባንም የምታግዝ ሁለተኛ ነርስ ተላከች። አጥንቱ ነው ወይስ የባሕሩ መሸሽ ነው የሠራው፣ እኔ አላውቅም። ሲ ቱሃሚ ያውቁታል፤ ጊዜ ካለህ ጠይቃቸው።

ትናንት ለሱቄ ዕቃ ልገዛ ወደ ከተማ ልሻገር ስል እንደ ልማዳቸው በር ላይ አገኘኋቸው።

"ሲ ቱሃሚ፣ ያን ቀን ምን ነክቶዎት ነው በሁለት ቃል የጨረሱት?" አልኳቸው ለመቀለድ።

ወንበራቸውን ወደ ባሕሩ አዞሩ። ከዚያ ጥቁሩን ድንጋይ እያዩ፣ "ድሮ ጤና ጣቢያ አልነበረም" አሉ። "ሚስቴ ሙኒራ ምጥ ይዟት፣ ወደ ማዶ ልናሻግራት እዚህ ወደቡ ላይ አስተኛናት። ውሃው ሸሽቶ ነበር። እስኪመለስ ጠበቅን። 'አውራኝ' አለችኝ። ስለ ምን ላውራሽ ስላት፣ ስለ ወደቡም፣ ስለ ዳቦ ቤቱም፣ ስለ ምንም ይሁን አለችኝ። 'ብቻ ከሥሩ ጀምርልኝ፤ ቶሎ እንዳያልቅ።'"

የማልታውንም ጋጋሪ፣ ፈረሶቹንም ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገሩት። ውሃው ሲመለስ እሳቸው ገና እያወሩ ነበር፤ ሙኒራ ግን መስማት አቁማ ነበር። ሰው ሁሉ የሚሸሻቸው ያ ወሬ ለአንዲት ሴት ብርታት ኖሯል። እኚህን ሰው እወዳቸዋለሁ፤ አሁን ሳልቀልድ ነው የምናገረው።

"ጤና ጣቢያውስ እንዴት ተሠራ?" አልኳቸው።

ካፒቴኑ ጡሩምባውን ነፋ። ሲ ቱሃሚ ወደ ጀልባው አዩ፣ ወደ ድንጋዩ አዩ። "ሂድ፣ ያመልጥሃል" አሉኝ። ሰው እንዲህ በአጭሩ ሲያሰናብቱ ሰምቼ አላውቅም።

ከቡና ቤቱ ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። "ከሥሩ ይጀምሩልኝ" አልኳቸው።

ጀልባው ሄደ። እራት በእሳቸው ነው።